አባቴ የተሸከመው ድንጋይ

ፉርጎ የሚከብደው ሲነሳ ነው። አንዴ ከተንቀሳቀሰ ከገፊዎቹ ግማሹ እጁን ቢያነሳም ይሄዳል። ይህን ትምህርት ቤት ሳልገባ አውቀው ነበር፤ ጅቡቲ ወደብ አጠገብ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። የሴት መነኮሳቱ ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ መምህራችን ምክንያቱን በፈረንሳይኛ ነገረችን። ዛሬ በአማርኛ መጻሕፍት ሰበቃ ይሉታል፤ የተነካኩ ሁለት ነገሮች አንዱ ሌላውን አልለቅ ሲለው ማለት ነው። የቆመውን ማላቀቅ የሚሄደውን ከማስኬድ የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል። ስሙን ማወቄ የጠቀመው ሰው ግን የለም።

ይህን ለመጻፍ ብዙ ዓመት ቆየሁ። ቁጣዬ እስኪበርድ ልጠብቅ ብዬ ነበር። አሁን አርጅቻለሁ፤ እሱ አልበረደም፤ ስለዚህ እንዳለ እጽፈዋለሁ።

ከጣሊያን ጦርነት በፊት ነው። አባቴ የባቡሩን ሐዲድ ከሚዘረጉት ሰዎች ጋር ወርዶ፣ ሐዲዱ ሲያልቅ ወደ አገሩ ሳይመለስ ጅቡቲ የቀረ ሰው ነበር። እናቴን ያገባው፣ እኔንም የወለደው እዚያ ነው። የምንኖረው ሁለተኛው ካርቲየ በሚባለው ሠፈር ውስጥ፣ በጣውላና በቆርቆሮ በተሠራ ቤት ነበር። የእናቴ ታናሽ ወንድምም ከድሬዳዋ መጥቶ ከእኛ ጋር ይኖር ነበር። አባቴና አጎቴ የሚሠሩት በባሕሩ ዳር፣ በአንድ የውጭ አገር ነጋዴ መጋዘን ነው።

ከመርከብ ማራገፊያው እስከ መጋዘኑ በር ድረስ ጠባብ ሐዲድ ነበር። በሐዲዱ ላይ ፉርጎ የሚጎትት ሞተር የለም፤ የሚገፋው ሰው ነው። መንገዱ ለጥ ያለ ነው፤ መጋዘኑ በር አጠገብ ሲደርስ ብቻ ትንሽ ከፍ ይላል። ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ከፍታውን ልብም አይለው። ሩዝና ስኳር የተጫነበት ፉርጎ ግን ያውቀዋል። እዚያች ቦታ ላይ ፉርጎው ወደ ኋላ መመለስ ይፈልጋል። ክብደቱ ወደ ታች ይስበዋል፤ መንገዱ ዘንበል ካለ ደግሞ ከዚያ ስበት ጥቂቱ በሐዲዱ ላይ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ፉርጎ ሰውን የሚጠላበት ምክንያት የለውም። የሚመለሰው መመለስ ስላለበት ነው።

ገፊዎቹ ሶማሌም፣ አፋርም፣ የየመን ዓረብም፣ የእኛም ሰዎች ነበሩ። ሁሉም የሚግባቡበት አንድ ቋንቋ አልነበራቸውም። የነበራቸው የአባቴ ዜማ ነው። አባቴ አውራጅ ነበር፤ እሱ ያወርዳል፣ እነሱ ይቀበላሉ። ዜማው አንዲት ከአባቷ ቤት አልወጣም ስላለች ሙሽራ ነው፤ ሙሽራዋ ፉርጎው ናት።

«ሙሽሪት እምቢ አለች» ይላል አባቴ።

«ያላ» ይላሉ ሁሉም፤ ይገፋሉም።

«እናቷ ይዛት ነው።»

«ያላ።»

«ሚዜው ደከመው።»

«ያላ።»

ግጥሙን የእኛ ሰዎች ብቻ ነበሩ የሚሰሙት። «ያላ»፣ በዓረብኛ «በሉ»፣ የት ላይ እንደምትወድቅ ግን ሁሉም ያውቃል። የሁሉም ጉልበት በአንድ ቅጽበት ፉርጎው ላይ ያርፋል። ከዚያ ትንፋሽ ይወስዳሉ፤ ደግሞ ያላ። አንድ ረጅም ሶማሌ ነበረ፤ አማርኛ ለምዶ አባቴን ማብሸቅ ይወድ ነበር።

«አንተ፣ ይህችን ልጅ ስንት ጊዜ ነው የምትድራት? ትናንትም እሷ፣ ዛሬም እሷ።»

«ባሏ እየመለሳት ምን ላድርግ» ይለዋል አባቴ።

«አማቴ አንተ ከሆንክማ እኔም እመልሳታለሁ።»

አጎቴ የታኮ ሰው ነበር። ታኮ ማለት ከመንኮራኩሩ ሥር የምትገባ፣ አንድ ወገኗ የሳሳ እንጨት ናት። ፉርጎው ከፍታው ላይ በእያንዳንዱ «ያላ» አንድ እርምጃ ያህል ይሄዳል፤ ሰዎቹ ትንፋሽ ሊወስዱ ሲላሉ አጎቴ ታኮዋን በእግሩ ገፋ አድርጎ ከኋላው መንኮራኩር ሥር ያስገባታል። ፉርጎው ወደ ኋላ ሊመለስ ሲል ታኮዋ ላይ ተደግፎ ይቀመጣል። ደግሞ ያላ፤ ደግሞ ታኮ። አጎቴ የሰዎቹን ፊት አያይም፤ ሰዎቹም እሱን አያዩትም። ዓይኑን ከመንኮራኩሩ ላይ ቢያነሳ እንኳ ጆሮውን ከዜማው ላይ አያነሳም። መቼ እንደሚገፉና መቼ እንደሚላሉ የሚነግረው ዜማው ብቻ ነበር።

በአንድ ዓመት ሙቀቱ ሲጀምር የነጋዴው ሚስት ከአገሯ መጣች። የሚኖሩት ከመጋዘኑ በላይ ባለው ፎቅ ነው። ጅቡቲ በቀትር ከተማው በሙሉ ይተኛል፤ ሱቅ ይዘጋል፣ ውሻ እንኳ መንገድ አያቋርጥም። በቀትር ሥራ የለምና ዜማም የለም፤ ዜማው ማንንም አስቸግሮ አያውቅም። አንድ ቀን ግን የመጣው መርከብ ቶሎ ተራግፎ መሄድ ነበረበትና የመጋዘኑ ሹም፣ ፈረንጁ፣ ገፊዎቹን በቀትር ለሥራ አስቀራቸው።

እኔ ምሳቸውን ይዤ ሄጄ ስለነበር ቆሜ አየሁ። ሹሙ ነጭ ባርኔጣውን አድርጎ በሩ ላይ ቆሟል። ከጎኑ የመጋዘኑ አስተርጓሚ አለ፤ የእኛው አገር ሰው ነው፣ ሐረር ከሚሲዮኖች ዘንድ የተማረ።

«ዜማ የለም» አለ አስተርጓሚው። «እመቤቲቱ ተኝተዋል።»

«ካልዘፈንን በምን እንገፋለን?» አለ አባቴ።

አስተርጓሚው ይህን ለሹሙ አልተረጎመለትም። ራሱ መለሰ። «በእጃችሁ ነዋ። ሰዎችህ እስከ ዛሬ በአፋቸው ነበር እንዴ የሚገፉት?»

ሰዎቹ ሳቁ። አባቴም ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ በኋላ ተቆጠረበት፤ «ትእዛዙን እየሳቀ ተቀበለ» ተባለ።

ጀመሩ። ለጥ ባለው መንገድ ላይ ችግር አልነበረም፤ የሚሄድ ነገር መሄዱን አይተውም። ከፍታው ጋ ሲደርሱ ግን አንዱ ሲገፋ ሌላው ይተነፍሳል፤ ሌላው ሲገፋ ይኸኛው ይላላል። የሰው ብዛት ያው ነው፣ ጉልበቱም ያው ነው፤ ግን አንድ ላይ አልመጣም። ፉርጎው ይወዛወዛል እንጂ አይወጣም። አባቴ በራሱ እየነቀነቀ ምልክት ሊሰጥ ሞከረ። የሚገፋ ሰው ራሱን በሁለት ክንዶቹ መካከል አቀርቅሮ መሬት መሬት ነው የሚያየው፤ ማን ይየው? አጎቴ አንዴ መንኮራኩሩን ያያል፣ አንዴ የሰዎቹን ጀርባ ያያል። እግሩን ያስጠጋል፣ ይመልሳል።

ከዚያ ፉርጎው ትንሽ ወጣ፤ ቆመ። አጎቴ ሰዎቹ ገና ይገፋሉ ብሎ ጠበቀ። እነሱ ግን ላልተዋል። ታኮዋን ሊያስገባ እግሩን ሲሰድ መንኮራኩሩ ቀድሞ መጣ።

እግሩ ከሥሩ ቀረ። የጮኸው አባቴ ነው። በጩኸቱ የፎቁ መስኮት ተከፈተ፤ ወዲያው ተመልሶ ተዘጋ።

ሆስፒታል የአጎቴን እግር ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆረጡት። ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም ነበር። ወደ ቤታችን አምጥተው በግቢው ዳስ ሥር፣ በገመድ አልጋ ላይ አስተኙት። ሰው ሁሉ ሊጠይቀው ሲመጣ «የእግዜር ሥራ ነው፣ ምን ይደረግ» ይላል። እናቴ «አዎ» ትላለች። ያን ጊዜ መናገር ለልጅ አይገባም ነበር። ዛሬ ግን እናገራለሁ። ታኮ የሌለው ፉርጎ በከፍታ ላይ ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህ የእግዜር ሥራ ከሆነ በየቀኑ፣ በየሰዓቱ የሚሠራው፣ ማንም አስቀድሞ የሚያውቀው ሥራው ነው። ዜማውን ያስቆመው ግን እግዜር አይደለም። በሰው ትእዛዝ የሆነውን ሁሉ ወስዶ እሱ ላይ መጫን እኔ ሃይማኖት አልለውም።

ብዙ ሳይቆይ አስተርጓሚው ወደ ቤታችን መጣ። ሹሙ የሚለውን ይዞ ነው። ሹሙ የከለከለው ጩኸት እንጂ ምልክት አይደለም፤ አውራጁ በሌላ መንገድ ምልክት መስጠት ነበረበት፤ ስለዚህ ጥፋቱ የአውራጁ ነው። አውራጁ ጥፋቱን አምኖ ከተጎጂው ጋር በአገራቸው ልማድ ከታረቀ ነገሩ በሠራተኞች መካከል አልቋል ማለት ነው። ካልሆነ ግን ገፊዎቹ በሙሉ ይሰናበታሉ፤ በር ላይ ሥራ የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል።

አባቴ እምቢ አለ። በማግስቱ ሽማግሌዎች መጡ። የሽማግሌዎቹ መሪ በሠፈራችን ሱቅ ያላቸው፣ ሁሉም ሰው «አባባ» የሚላቸው ሰውዬ ነበሩ።

«ልጄ፣ የዚያን ሁሉ ሰው እንጀራ ልታዘጋ ነው?» አሉት።

«እኔ ምን በደልኩ፣ አባባ?»

«ማን በደልክ አለህ? ድንጋይ ተሸከም ነው ያልንህ።»

«ድንጋይ የሚሸከም የበደለ ነው።»

«ትሑት ሰውም ይሸከማል» አሉ። «አንተ ደግሞ ጥሩ ሰው ነህ።»

አባቴ ወደ እናቴ ዞረ። እናቴ ወለሉን ታይ ነበር። አንዱ ባሏ፣ አንዱ ወንድሟ ነው። ከገፊዎቹ መካከል ልጆች ያሏቸውን አባቴ በየስማቸው ያውቃቸዋል። «እሺ» አለ።

ልማዱን ለማያውቅ ልንገር። የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ በተበደለው ሰው ፊት ይቆማል። የተበደለው «ስለ እግዚአብሔር ይቅር ብያለሁ» ሲል ሽማግሌዎች ድንጋዩን ያወርዱለታል። እስከዚያ ድረስ አይወርድም። ደም የተቃቡ ሰዎች በዚህ ታርቀዋል፤ ልማዱን አልንቅም። አባቴ ግን ይቅርታ የሚለምነው በገዛ ግቢው የተኛውን፣ ጠዋት እሱ ራሱ ፊቱን ያጠበለትን ሰው ነው። ስለዚህ ከገዛ ቤቱ ወጥቶ፣ በገዛ በሩ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ወደ ገዛ ቤቱ መግባት ነበረበት።

እሑድ ረፋድ ላይ ሆነ። አባባ የመረጡት ድንጋይ ከባሕር የሚወጣው፣ ቤት የሚሠራበት ነጩ ድንጋይ ነበር። ትልቅ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ከመጠኑ ይቀላል። ሽማግሌው ያሰቡለት ይመስለኛል። አስተርጓሚው ሊያይ መጥቶ ነበር፤ ለሹሙ መንገር አለበት። ድንጋዩን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው።

«ይህማ ዳቦ ነው» አለ። «እርቅ ነው ወይስ ቁርስ?»

ማንም አልሳቀም። ግን ማንም አልተከራከረውም። ከአጥሩ ሥር ጥቁሩን ድንጋይ፣ በምድራችን ላይ ሁሉ የተበተነውን፣ አንሥተው ቀየሩት። መጠኑ ከነጩ ያንሳል፤ ለማንሣት ግን ሁለት ሰው ፈለገ።

አባቴ ተሸክሞ ገባ። አጎቴ ከአልጋው ላይ በክርኑ ተነሣ።

«ጋሼ፣ ምን መሆንህ ነው? አውርደው።»

«እንደዚያ አይባልም» አሉ አባባ። «ስለ እግዚአብሔር ይቅር ብያለሁ በል።»

«ምን አድርጎኝ?»

«እንዲያው በል፣ ልጄ።»

«ይቅር ካልኩት እኮ እግሬን የወሰደው እሱ ነው ማለቴ ነው። እሱ አይደለም። ሁላችሁም ታውቃላችሁ።»

አስተርጓሚው «እኔ አላውቅም፤ እዚያ ከሹሙ ጋር ነበርኩ» አለ።

«ትእዛዙን ሲሰጥ አጠገቡ ነበርክ» አለው አጎቴ። «ከአንተ የቀረበ ሰው አልነበረም።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ «ሕመምተኛ ነው፣ ይረጋጋ» አለ። እስኪረጋጋ ድረስ አባቴ ቆመ።

ድንጋይ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ይሻላል። ቢያንስ እግሩን ይቀያይራል። የቆመ ሰው ግን ክብደቱን ከጫንቃው ወደ ወገቡ፣ ከወገቡ ወደ ጉልበቱ ሲወርድ ይሰማዋል፤ የሚሄድበት ሌላ ቦታ የለውም። መሬቱ መልሶ ይገፋዋል፤ ድንጋዩ ወደ ታች፣ መሬቱ ወደ ላይ፣ እሱ በመካከል። ኸምሲኑ፣ ያ ከበረሃ የሚመጣው ትኩስ ነፋስ፣ ይነፍስ ነበር፤ አሸዋው ላቡ ላይ ይጣበቃል፤ ሁለት እጁ ድንጋዩ ላይ ስለሆነ ዓይኑን መጥረግ አይችልም። እናቴ ነጠላዋን ይዛ ልትጠርግለት ተነሣች። «ተቀመጪ፣ የወንዶች ጉዳይ ነው» አሏት። ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ በአንዱ ዓመት መምህራችን «ሥራ» ማለት በፊዚክስ ምን እንደሆነ አስተማረችን። ጉልበት ነገሩን ከቦታው ካንቀሳቀሰው ሥራ ተሠርቷል፤ ካላንቀሳቀሰው አልተሠራም። ሰሌዳው ላይ ሸክም ተሸክሞ የቆመ ሰው ሣለች፤ ወደ ታች አንድ ቀስት፣ ወደ ላይ አንድ ቀስት፣ እኩል። «ይህ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢቆም በሸክሙ ላይ ምንም ሥራ አልሠራም» አለች። ሕጉ ትክክል ነው፤ በፈተናም እንደዚያው መልሼ ሙሉ ነጥብ አገኘሁ። ነገር ግን በዚያ እሑድ በቤታችን ግቢ ውስጥ ምንም አልተሠራም የሚለኝ ካለ፣ ሕጉን እንጂ ነገሩን አያውቅም። እዚያ የተሠራው ሥራ እስከ ዛሬ አለ።

«ጋሼ፣ አውርደው፤ ለምኜሃለሁ» አለ አጎቴ።

አባቴ ራሱን ቀና ማድረግ አይችልም። ወደ መሬት እያየ ተናገረ። «አንተ ካላልክ እነሱ አይሄዱም። ቃሉን በል። ወገቤ አለቀ።»

አጎቴ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

«ስለ እግዚአብሔር ይቅር ብያለሁ» አለ።

ሁለት ሆነው ድንጋዩን አወረዱለት። ያን ቃል ያወጣው አጎቴ አይደለም፤ ድንጋዩ ነው። ሰው አፉ ላይ ጉልበት ሳይነካው፣ ሌላ ሰው ላይ በተጫነ ክብደት የማያምነውን እንዲናገር ማድረግ እንደሚቻል ያን ቀን አየሁ። ይህ ግን በየትኛውም መጽሐፍ ውስጥ አልገጠመኝም።

አስተርጓሚው ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ልማዱ የታረቁ ሰዎች አብረው እንዲበሉ ስለሚል እናቴ አቀረበችላቸው፤ በየቀኑ ከአንድ ሳህን የሚበሉትን ሁለቱን ሰዎች ሽማግሌዎቹ እያዩ አጎራረሷቸው። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶች መጥተው «እንኳን ታረቃችሁ» አሉን። እናቴ ለእያንዳንዳቸው ውኃ ሰጠች።

ገፊዎቹ ሥራቸው ላይ ቆዩ። የቀትር ሥራ ከዚያ ወዲህ አልነበረም፤ ሌላ ጊዜም ዜማውን የከለከለ የለም። ማንም ግን አባቴ እንዲያወርድ አልጠየቀውም፤ በአፉ ባያምንም በጫንቃው አምኗል። ሌላ ሰው አወረደ፤ አባቴ ከተቀባዮቹ መካከል ገባ። ረጅሙ ሶማሌ ብቻ አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቶት «ሙሽራዋን ለሌላ ሰጠሃት?» ብሎ ሊያጫውተው ሞከረ። አባቴ «አዎ» ብሎት አለፈ። አጎቴ ከመጋዘኑ ምንም አላገኘም፤ ነገሩ በእርቅ ያለቀ ነውና። እንጨት ቆርጠው ክራንች ሠሩለት፤ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ሰሌን ዘርግቶ ሲጋራና ክብሪት እየሸጠ ኖረ። ቤት ውስጥ ስለዚያ ቀን ከሁለቱ አንዱም አያነሣም። አባቴ በየማታው የአጎቴን ክራንች ከመግቢያው አንሥቶ ግድግዳ ላይ ያስደግፍለት ነበር።

አባቴ የሞተው ከጦርነቱ በፊት በነበረው የሙቀት ወራት ነው። ሰው ብዙ ወጣለት። መቃብሩ ከተዘጋ በኋላ አባባ፣ በጣም አርጅተው፣ ስለ እሱ ጥቂት ተናገሩ። «ትሑት ሰው ነበር» አሉ። «ጥፋቱን ያመነ፣ በአደባባይ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ነበር። ስንቶቻችን ነን እንዲህ የምናደርግ?»

አጎቴ በክራንቹ ከሰዉ መካከል ወደ ፊት ወጣ። በሰው ፊት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«ጥፋት አልነበረውም» አለ። «ምንም አላደረገኝም። ያን ጊዜም አላደረገኝም፣ ዛሬም አላደረገኝም።»

ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። አባባ እንባቸውን ጠርገው ወደ ሰዉ ዞሩ።

«አያችሁ» አሉ። «ይቅር ማለት እንዲህ ነው።»

አጎቴ ደግሞ ሊናገር አፉን ከፈተ። ሰዉ አንድ በአንድ እየመጣ ትከሻውን ይስመው ነበር፤ ሰውነቱ በአንድ እግር ላይ ስለሆነ እንዳይወድቅ ክራንቹን በሁለት እጁ ጠበቅ አድርጎ ያዘ፤ ሳይናገር ቀረ።